ቡናው «በቀለ» ወይስ «አቆጠቆጠ»?

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከጅሬን ነው። ጓሯችን ያሉትን ያረጁ ቡናዎች አምና ጎነደልናቸው። ዘንድሮ ልጄ ለሳይንስ የቤት ሥራ ‹ከጉቶው ላይ ቅርንጫፍ በቀለ› ብላ ጻፈች። ስታነብ አያቷ ሰሙና ‹የምን በቀለ ነው? አቆጠቆጠ በይ እንጂ!› አሏት። ማን ነው ልክ?»

መልስ፦ እኔ ለአያት ፈርጃለሁ። ልጅቷም ግን ብዙ አልሳተችም።

«በቀለ» ሆደ ሰፊ ቃል ነው። ጤፍ ይበቅላል፣ ጺም ይበቅላል፣ የሕፃን ጥርስ ይበቅላል። ከምን እንደወጣ አይነግረንም። «አቆጠቆጠ» ሲባል ግን ነባር ግንድ ወይም ሥር እንዳለ ወዲያው ይገባናል። ስለዚህ ለጆሮዬ የሚጥመው «ቅርንጫፍ በቀለ» ሳይሆን «ጉቶው አቆጠቆጠ» ነው። ባለቤቱ ራሱ ጉቶው ነው። ጋዜጠኞቻችን «በማቆጥቆጥ ላይ ያለ ኢንዱስትሪ» ሲሉ ታዲያ ግንዱ የት አለ እላለሁ። ደግነቱ የሚሰማኝ የለም።

ዘር ሲሆን ሌላ ቃል አለን፤ «ጎነቆለ»። ጠላ ጠማቂ ቤት ገብታችሁ እዩ። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ በቅጠል ተሸፍኖ ጥቂት ቀን ይሰነብታል፣ ሲገለጥ ከእያንዳንዱ ፍሬ ጫፍ ነጭ ሥር ብቅ ብሏል። ጎነቆለ ማለት ይኼ ነው። ደርቆ «ብቅል» ሲባል ደግሞ ስሙ ከ«በቀለ» መጣ። የቡና ፍሬ ግን እንደ ገብስ አይቸኩልም፤ ተዘርቶ ከአፈር ብቅ እስኪል ከወር በላይ ያስጠብቃል።

ሳይንሱም ከአያት ጋር ነው። ዘር ውስጥ ያለው ገና ያልተወለደ ተክል ነው። ጉቶ ላይ ያለው ግን እንደ ድንች ዓይን የተኛ እንቡጥ ነው። ቡናው ሳይቆረጥ የላይኛው ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ታች እየላከ እንቡጡን ያስተኛዋል። ጫፉ በጉንደላ ሲወገድ እንቡጡ ይነቃል። መጀመሪያ ሕዋሳቱ ይከፈላሉ። እዚህ ላይ «ተከፈለ» ማለት «በዛ» ማለት ነው፤ አንዱ ሁለት ይሆናል እንጂ አያንስም። ቀጥሎ ውኃ እየጠጡ ይረዝማሉ፤ ቅርንጫፉ ሽቅብ የሚመዘዘው በዋናነት በዚህ ነው። ከዚያ ሥራ ይከፋፈላሉ። አንዳንዶቹ ቅጠል፣ አንዳንዶቹ ውኃ የሚያመላልሱ ቧንቧዎች ይሆናሉ። አንድ ዓይነት ሥራ የያዙት ተሰባስበው «ኅብረ ሕዋስ» ይባላሉ።

በነገራችን ላይ፣ አያት «ሕዋስ» ሲባል «ማየትና መስማት ነው እንዴ?» ብለው ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። ቃሉ የቆየው ለአምስቱ የስሜት ሕዋሳት ነው፤ የባዮሎጂው ትርጉም በኋላ የተደረበ ነው። ልጅቷ «ሴል» ብላ ብትጽፍም አልቆጣም።

ዓረፍተ ነገሯን ግን እንዲህ ታድርገው፦ «አምና የጎነደልነው ቡና ዘንድሮ አቆጠቆጠ።»