ቱሉ ዲምቱ ላይ መኪናሽ ከተገጨ በኋላ «ካሳ እናስወጣልሽ» እያሉ ስለሚደውሉልሽ ሰዎች

ሰላም እህቴ። ሌላውም እንዲገባው ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። ምትኖሪው ኮዬ ፈጬ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጋ አይሱዙ ከኋላ መጥቶ ቪትስሽን ገጨው፣ ሰው አልተጎዳም፣ ትራፊክ መጥቶ መዝግቦ ሄደ። በማግስቱ ስልክሽ እረፍት አጣ፣ አንዱ «ከጠበቃ ቢሮ ነው፣ ከሚወጣው ካሳ 30 ፐርሰንት ብቻ ነው ምንወስደው» ይላል፣ ሌላው «ከኢንሹራንስሽ ነው» ይላል፣ ለአንዱ ደሞ የመታወቂያና የሊብሬ ፎቶ በቴሌግራም ልከሽለታል፣ አሁን ውክልና ስጪን እያለ ነው፣ እንዴት ላስቁማቸው ነው ምትይው።

መጀመሪያ ስለላክሽው ፎቶ ተረጋጊ፣ ፎቶ ብቻውን ውክልና አይሆንም። በስምሽ ለመደራደር፣ ለመክሰስ፣ ብር ለመቀበል ሰነዶች ማረጋገጫ ራስሽ ቀርበሽ ምትፈርሚው ወረቀት ያስፈልጋቸዋል፣ እንደዚህ ሚወተውቱሽም ለሱ ነው። በፍጹም እንዳትፈርሚ። ውክልናው ውስጥ «ለመታረቅ» የምትል ቃል ከገባች ሰውየው ከአይሱዙው ባለቤት ጋር በትንሽ ብር ተስማምቶ ቢፈርም አንቺ የፈረምሽ ያህል ነው፣ የፍትሐብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 ደሞ እርቅን በተዋዋዮቹ መሀል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው ሚቆጥረው። ውክልናን በፈለግሽ ሰአት መሻር ትችያለሽ ግን ከመሻሩ በፊት የተፈረመውን መመለስ ሌላ ጣጣ ነው። ለኢንሹራንስሽ ግን ዛሬውኑ «በኔ ስም እንዲመጣ የወከልኩት ሰው የለም» ብለሽ በጽሁፍ አስገቢ፣ ኮፒው ላይ ማህተም አስደርጊበት።

ጠበቃ ነኝ የሚልሽን ሙሉ ስሙን፣ የፈቃድ ቁጥሩንና የቢሮውን አድራሻ ጠይቂው፣ አብዛኛው እዛው ላይ ይዘጋዋል። ያለ ፈቃድ በክፍያ የጥብቅና ስራ መስራት በአዋጅ 1249/2013 የተከለከለ ነው፣ ፈቃድ ያለውም ቢሆን በደላላ ደንበኛ ማሳደድ ከሙያው ስነምግባር ውጪ ነው፣ ሰው ገና ከድንጋጤው ሳይወጣ እንደዚህ ሲያዋክቡት ሳይ እኔ ሙያው ውስጥ ላለሁት በጣም ነው ሚያንገበግበኝ። ከኢንሹራንስ ነኝ የሚለውን ደሞ ዝጊውና ፖሊሲሽ ላይ ባለው ቁጥር ራስሽ ደውለሽ አጣሪ። «ካሳው በቴሌብር ሊገባልሽ ነው፣ የመጣልሽን ኮድ ንገሪን» ካሉሽ በቃ እሱ ሌብነት ነው፣ ብር ለመቀበል ኮድ መስጠት የሚባል ነገር የለም።

ለማስቆም፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለልሽ፣ ቁጥሬን ከየት አገኛችሁት ብለሽ የመጠየቅና አትጠቀሙበት ብለሽ የመቃወም መብት ይሰጥሻል። ስለዚህ «ስልኬን ከየት እንዳገኛችሁ ግለጹልኝ፣ ከዚህ በኋላ እንዳትደውሉ፣ የላኩትንም ፎቶ አጥፉ» ብለሽ አንድ ቴክስት ላኪ፣ ከዛ በኋላ ከቀጠሉ እሱን ይዘሽ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማመልከት ትችያለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቶሎ እረፍት ሚሰጥሽ ብሎክ ማድረጉ ነው፣ ግን ብሎክ ከማድረግሽ በፊት የደወሉበትን ቀንና ሰአት፣ የቴሌግራሙንም ቻት ስክሪንሹት አንሽው፣ ምክንያቱም ማስፈራራት ከጀመሩ ነገሩ ወደ ወንጀል ይሄዳል፣ በመልእክት ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያስጠይቃል፣ ሲም ካርድ ደሞ በስም የተመዘገበ ስለሆነ ፖሊስ ከፈለገ ባለቤቱ ጋ ይደርሳል።

አሁን ወደ ራሱ ካሳው ልምጣ፣ እነዚህ ሰዎች ሚጠቀሙበት ይሄን አለማወቅሽን ስለሆነ። የፍትሐብሔር ሕጉ ቁጥር 2084 ሁለት መኪና ሲጋጭ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይቆጥርና የጉዳቱን ግማሽ ግማሽ ያሸክማቸዋል፣ ደላላው «ያለኛ ግማሹን ነው ምታገኚው» የሚለው ከዚህ ተነስቶ ነው፣ ግን እዛው አንቀጽ ላይ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ ወይ በአብዛኛው የአንደኛው ሾፌር መሆኑ ከተረጋገጠ ግማሽ ግማሹ ይቀራል ይላል። ርቀቱን ሳይጠብቅ ከኋላ መጥቶ መግጨቱን ትራፊኩ ያነሳው ፕላን (የአደጋው ንድፍ) እና ሪፖርት ካሳየልሽ ያንቺ ትልቁ ማስረጃ እሱ ነው፣ ማንም ደላላ ከዛ በላይ አያመጣልሽም። ሙሉ ኢንሹራንስ ካለሽ ለራስሽ ኢንሹራንስ አሁኑኑ አሳውቂ፣ እነሱ አሰርተውልሽ ከወዲያኛው ይጠይቃሉ፣ ያለሽ ሶስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ ደሞ ወደ አይሱዙው ሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው ምትሄጅው። ለክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 አመት አለሽ (የፍትሐብሔር ሕጉ ቁጥር 2143)፣ ስለዚህ «ዛሬ ካልፈረምሽ ያልፍብሻል» የሚለው ውሸት ነው፣ የኢንሹራንሱ ማሳወቂያ ግን አጭር ስለሆነ እሱን አታዘግዪው።

ከአይሱዙው ባለቤት ጋር ራስሽ ብትስማሚም ጋራዥ ፓራውልቱን ፈቶ ሳያይልሽ «ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ፕላስቲኩ ተመልሶ ደህና ይመስላል፣ ከውስጥ ያለው ላሜራ ግን ገብቶ የኋላ በሩ አልገጥም ሲል ያኔ ነው ምታውቂው፣ አንገትሽን ካመመሽም ሳትታከሚና ሳታጣሪ መፈረም የለም።

አንድ ያልነገርሽኝ ነገር አለ፣ የመዘገበሽ ትራፊክ የአዲስ አበባ ነው ወይስ የሸገር ከተማ? እዛ አካባቢ ድንበሩ ቅርብ ስለሆነ ትንሽ ወደ ገላን ካለፍሽ ሪፖርቱን ምታወጪው ከኦሮሚያ ፖሊስ ነው ሚሆነው። እሱን አጣሪና ሪፖርቱን አውጥተሽ ሁለት ኮፒ አድርጊው፣ አንዱን ለኢንሹራንስ ስጪ፣ አንዱ ካንቺ ጋ ይቀመጥ።