በርበሬ አዘጋጅቶ መሸጥ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በአንድ ትምህርት ቤት በጸሐፊነት እሠራለሁ። ደመወዜ ወር አያደርሰኝም። ቅዳሜና እሑድ በርበሬ እያዘጋጀሁ ለሥራ ባልደረቦቼ ለመሸጥ አስቤአለሁ። ያዋጣኛል?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ያዋጣሻል፤ እኔም ልጆቼን ያስተማርኩት በዚሁ ነው። ነገር ግን ትርፉ ያለው ከመሸጫው ይልቅ ከመግዣው ላይ ነው። ዛላውን አዲሱ ምርት ገበያ በሚገባበት በኅዳርና በታኅሣሥ ግዢ። ከመክፈልሽ በፊት ከጆንያው ሥር ዝቀሽ አንዱን ስበሪው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ እንደ ቆዳ ከተለመጠ የምትገዢው ውሃ ነው። ውስጡ ከሻገተ በርካሽም ቢሆን አትንኪው፤ የሻጋታውን መርዝ ፀሐይም ወፍጮም አያጠፋውም።

በመጀመሪያው ዓመት 10 ኪሎ አበላሽቻለሁ። በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ከደለዝኩት በኋላ ፀሐይ ሳይጠግብ አስፈጨሁት። በሦስተኛው ሳምንት ላስቲኩን ስፈታ ጓል ሠርቶ፣ ሽታው ተለውጦ አገኘሁት። አልቅሼ ደፋሁት።

አንቺ በ5 ኪሎ ጀምሪ። የዛላውን፣ የኮረሪማውን፣ የጥቁር አዝሙዱን፣ የወፍጮውንና የታክሲውን ወጪ በደብተር ጻፊ፤ ብዙዎቻችን የምንከስረው ታክሲውን ረስተን ነው። ዋጋ የምታወጪው ተቀንጥሶ፣ ደርቆና ተፈጭቶ በእጅሽ የቀረውን መዝነሽ ነው። ለባልደረቦችሽ በዱቤ አትስጪ፤ ደመወዝ በወጣ ማግስት አስረክቢ። በመጀመሪያው ትርፍ ዕቁብ ግቢበት፤ ለሚቀጥለው ኅዳር የዛላ መግዣ ይሆንሻል።