በፎርማ የወጡ የአበባ ማስቀመጫዎች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ድሮ የአሜሪካ ጥለታም ብርጭቆ ካወራሁ ወዲህ ብዙ ጥያቄ መጥቶልኛል። ዛሬ የአበባ ማስቀመጫዎቹን የሚመለከቱትን መርጬ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጥለታም ብርጭቆ የሚሉት ከክሪስታል በምን ይለያል?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። በእጅ የተቀረጸ ክሪስታል ጥለቱ የሚወጣው በሚሽከረከር ድንጋይ እየተፋቀ ነው። ይሄኛው ግን የቀለጠው ብርጭቆ ብረት ፎርማ ውስጥ ይገባና ከላይ ይጫናል። ጥለቱ ከዕቃው ጋር አብሮ ይወጣል። ዘዴው አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ከ1820ዎቹ ጀምሮ ነው። ዴሚንግ ጃርቭስ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ሳንድዊች በምትባል ከተማ በ1825 ያቋቋመው ፋብሪካ ዛሬም በሰብሳቢዎች ዘንድ ስሙ ትልቅ ነው። በ1888 ተዘጋ። ጣትሽን በጥለቱ ላይ አሂጂው። በእጅ የተቀረጸው ስል ነው፣ ይከረክራል። በፎርማ የወጣው ለስለስ ይላል። እኔ ይሄን ብርጭቆ የምወደው በአንድ ምክንያት ነው፦ ፎርማው ከመጣ በኋላ ተራ ሠራተኛም ቤቱ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ማስቀመጥ ቻለ።

ጥያቄ፦ ባለ እግር፣ ረዘም ያለ፣ አፉ ሰፊ ማስቀመጫ ገዛሁ። ሻጩ የአበባ ነው አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ አይደለም ትላለች።

መልስ፦ ጓደኛሽ ልክ ሳትሆን አትቀርም። እንደገለጽሽው ከሆነ የሴለሪ ማቅረቢያ ይመስለኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ሴለሪ ውድ አትክልት ነበር። እንግዳ ሲመጣ ልክ እንደ አበባ ቆሞ፣ ቅጠሉ ከላይ እየታየ፣ ገበታ መሐል ይቀርብ ነበር። አጠር ያለውና ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ደግሞ የማንኪያ ማስቀመጫ ነው። ከስኳር ዕቃው፣ ከወተት ማፍሰሻውና ከቅቤ ሳህኑ ጋር አራት ሆኖ ነበር የሚሸጠው። ሁለቱም ቆንጆ ናቸው፤ አበባ ብታደርጊባቸው ነውር የለውም። ግን ስትገዢ ምን እንደሆነ እወቂ።

ጥያቄ፦ አንዱን መታ ሳደርገው እንደ ደወል ያስተጋባል። ሌላው ድምፁ ድፍን ነው። ድፍኑ ፎርጅድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የሚያስተጋባው እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት የተቀላቀለበት የቆየ ብርጭቆ ሊሆን ይችላል። ክብደቱም ያስታውቃል። በ1864 ዌስት ቨርጂኒያ ዊሊንግ ላይ ዊሊያም ሌይተን ሆብስ ብሮኩኒየር ለተባለው ፋብሪካ በሶዳና በኖራ የሚሠራ ጥሩ ብርጭቆ አወጣ። ቀለል ያለና ርካሽ ነበር፣ ቶሎም ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ፋብሪካ ወደዚህ ዞረ። ስለዚህ ድፍን ድምፅ ያለው ዕቃም የ1880ዎቹ ዕውነተኛ ዕቃ ሊሆን ይችላል። አፉ የጠበበ ማስቀመጫም እርሳስ ኖሮበት እንኳ በደንብ ላይጮህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ አዲስ ቅጂ መሆኑን በምን ልለይ?

መልስ፦ ገልብጠህ ታቹን እይ። መቶ ዓመት ጠረጴዛ ላይ የቆመ ዕቃ መቆሚያው ላይ ብቻ፣ በየአቅጣጫው የተበታተነ ጥቃቅን ጭረት አለው። ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ በአሸዋ ወረቀት የተፋቀ ነው ብለህ ጠርጥር። እንደ ዴይዚ ኤንድ በተን ያሉ ተወዳጅ ጥለቶች ብዙ ጊዜ እንደገና ተሠርተዋል። ኢምፔሪያል የተባለው ፋብሪካ ከ1951 ጀምሮ በእንግሊዝኛ አይ እና ጂ ፊደላትን አደራርቦ ታቹ ላይ ያትም ነበር። ይሄን ካየህ ጥንታዊ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሐምራዊ የሆኑት ይወደዳሉ። ልግዛ?

መልስ፦ ተጠንቀቂ። የድሮ ሠሪዎች ብርጭቆውን ለማጥራት ማንጋኒዝ የተባለ ማዕድን ይጨምሩ ነበር። እንዲህ ያለው ብርጭቆ ፀሐይ ላይ ዓመታት ሲቆይ ቀስ በቀስ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ይሆናል። ዛሬ ግን ሰዎች ሆን ብለው በጨረር ያጠቁሩታል። በጣም የደመቀ ሐምራዊ ካየሽ እለፊው። ጥርት ያለ ዕቃን እንዲህ ማበላሸት ያሳዝነኛል። በአልትራቫዮሌት ባትሪ ስታበሪበት ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ካሳየ ማንጋኒዝ አለው። እንደ ኒዮን ከበራ ደግሞ ዩራኒየም ነው።

ጥያቄ፦ ጥለታቸው አንድ የሆነ ሁለት ማስቀመጫዎች ለምን ቁመታቸው ይለያያል?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ወደድኩት! ከፎርማው ሲወጣ አጭር ነው። ሠራተኛው ገና ትኩስ እያለ በዘንግ ይዞ ያወዛውዘዋል፣ ብርጭቆውም በራሱ ክብደት ይሳባል። ክንዱ የበረታው ረጅም ያወጣል። ፌንተንና ኖርዝውድ የተባሉት ፋብሪካዎች ያወጧቸው ባለ ቀስተ ደመና ቀለም ማስቀመጫዎች ብዙዎቹ እንዲህ የተሠሩ ናቸው። ከላይ ጥለቱ ተለጥጦ ሲሳሳ ይታያል። እጅ የነካው መሆኑን የምታውቀው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ትርፍ አለው?

መልስ፦ ለትርፍ ብለህ አትግባበት።

ጥያቄ፦ ለእንቁጣጣሽ አበባ ላደርግበት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ፣ ግን ውሃ አታሳድሪበት። ውሃ ሲቆይ ውስጡን ይበላውና እንደ ጭጋግ ያለ ነጭ ነገር ይቀራል። እሱ በሳሙናም በኮምጣጤም አይለቅም። እኔ አንድ የምወዳትን ማስቀመጫ እንዲህ አጥቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ውስጧ የሚገባ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ፈልጊና ውሃውን እዚያ ውስጥ አድርጊ። ስታጥቢ ለብ ባለ ውሃ፣ ገንዳው ውስጥ ፎጣ አንጥፈሽ፣ በእጅ። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ፈጽሞ አታስገቢ። ከዚያ ውስጡ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ተዘቅዝቃ ትቆይ።