ነጭ ቀለም፦ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ይኸው መልሱ

አዳማ ውስጥ ቤት ስቀባ ዓመታት ተቆጥረዋል። ባለፈው «ስለ ቤት ውስጥ ነጭ ቀለም ጠይቁኝ» ስል እንዲህ ትበዛላችሁ አላልኩም። በተራ ልመልስ።

ጋሼ፣ ነጭ ያው ነጭ አይደል? ባለ ሱቁ አራት ዓይነት አውጥቶ አደናገረኝ።

አላደናገረሽም እህቴ። ነጩ ላይ ቢጫ ጠብ ሲልበት ክሬም ይሆናል፣ ጥቁር ሲገባበት ወደ ግራጫ፣ ሰማያዊ ሲገባበት ወደ በረዶ ይሄዳል። ለየብቻ ስታያቸው አይለዩም። ነጭ ወረቀት ይዘሽ ሂጂና ከናሙናው ጎን አድርጊው፤ ወዲያው ይለይልሻል።

ኢንተርኔት ላይ «ሰሜን የሚያይ ክፍል ብርሃኑ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሞቅ ያለ ነጭ ቀቡ» ይላል። የኔ ሳሎን ሰሜን ነው የሚያየው።

ይሄ ለአውሮፓ የተጻፈ ምክር ነው ወንድሜ። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ ነው የምታልፈው። አዳማ ግን ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፣ 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ እኛ ጋ ዋናው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። መስኮትህ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከ9 ሰዓት በኋላ የሚገባው ብርሃን ክሬሙን ቅቤ ያስመስለዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ትንሽ ግራጫ ያለበት ነጭ እመርጣለሁ።

ውጭ ያለውንም እይ። የጎረቤት ቀይ አጥር ግድግዳህን ያቀላዋል፣ ማንጎው አረንጓዴ ያደርገዋል።

ደግሞ አምፖሉ! አንድ ቤት በቀትር ብርሃን ቀለም መርጬ ቀባሁ። ማታ መብራት ሲበራ ሳሎኑ ክሊኒክ መሰለ። አምፖሉ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ነበር፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው። ሞቅ ባለው በ3000ው ስንቀይረው ቤት ቤት ሸተተ። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ካርቶን ሁለት እጅ እቀባና ግድግዳው ላይ አስደግፌ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታም መብራት አብርቼ አያለሁ። ሳላይ ባልዲ አልገዛም።

ቁምሳጥኑን ብናነሳው ከጀርባው ያለው ግድግዳ ቢጫ ሆኗል። እርጥበት ይሆን?

ግድግዳው ደረቅ ከሆነ የዘይት ቀለም ነው የተቀባው ማለት ነው እትዬ። ነጭ የዘይት ቀለም ብርሃን ሲያጣ ቢጫ ይሆናል። ለግድግዳ የውሃ ቀለም ይግዙ።

የአዳማን አቧራ የሚችል ነጭ አለ?

የለም። ንፋሱ ተርባይን የሚያዞር ነው፣ ቀለም አያቆመውም። የሚታጠብ ግን አለ፦ ትንሽ የሚያብረቀርቀው፣ ሳቲን የሚሉት። ችግሩ የስቱኮን እንከን ሁሉ ያጋልጣል። የማያብረቀርቀው እንከን ይሸፍናል፣ ግን ሲታሽ ምልክት ይይዛል። ልጆች ለሚሮጡበት ኮሪደር ሳቲን፣ ለኮርኒስ የማያብረቀርቅ።

4 በ4 ለሆነ ክፍል ስንት ይበቃል?

ቁመቱ 2.8 ሜትር ከሆነ፣ በርና መስኮት ተቀንሶ ግድግዳው 40 ካሬ ገደማ ነው። 1 ሊትር 10 ካሬ ያህል ይቀባል፤ ለሁለት እጅ 8 ሊትር ያዝ። አዲስ ስቱኮ ስለሚመጥ ጨምርበት። «ጋሎን» ሲሉህ ስንት ሊትር እንደሆነ አንብብ። ሁሉንም ባንዴ፣ የምርት ቁጥሩ አንድ የሆነውን ግዛ፤ በኋላ የሚጨመረው ላይገጥም ይችላል።

ልስን ካለቀ ሳምንቱ ነው፣ ልቀባ?

ቢያንስ አራት ሳምንት ጠብቅ።

የቀባነው ቀለም እጅ ላይ እንደ ዱቄት ይቀራል። ቀለሙ ፎርጅድ ነው?

ምናልባት። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ቀቢውን ነው። ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት ከላገ በኋላ ብናኙን በደንብ አልጠረገውም፣ ወይም ቀለሙ እንዲበረክትለት ውሃ አብዝቶበታል። ቆርቆሮው ላይ የሚጨመረው ውሃ መጠን ተጽፏል። በሚቀጥለው ሲበጠብጥ አጠገቡ ሁኚ፤ ቡና አፍልተሽለት ከሆነ ደግሞ አይከፋውም።