መልስ፦ ፋይቭ ካርድ ድሮው ላይ ስንት ካርታ ልቀይር?

ወንድሜ፣ ፋይቭ ካርድ ድሮው የፖከር ካርታ ጨዋታ ዓይነት ነው፤ አጨዋወቱን ቶሎ ትለምደዋለህ። ጣጣው አንተ የጠየቅከው ላይ ነው፦ የቱን ይዤ የቱን ልጣል?

ሁሉም መደብ ያስይዛል፣ አምስት አምስት ካርታ ይታደላል፣ ትወራረዳላችሁ። ከዚያ ያልፈለግከውን ጥለህ በምትኩ ታነሳለህ። አንድ ዙር ውርርድ ይደገምና ካርታ ይገለጣል። በቃ።

ሁለት 8 ከያዝክ ሌሎቹን ሦስቱን ጣል። እጅህ (የያዝካቸው አምስት ካርታዎች) የመሻሻል ዕድሉ 29 በመቶ ገደማ ነው። አብሮ ኤስ (ትልቋ ካርታ) ከመጣ «ይቺንስ አልለቅም» ያሰኛል፤ ከያዝካት ግን ዕድሉ ወደ 26 ይወርዳል። አራት ስፔድ ካለህ አንዷን ቀይር፤ ካላየሃቸው 47 ካርታዎች 9ኙ አምስት ስፔድ ይሞሉልሃል። አምስት ተከታታይ ቁጥር ለመሙላት 5፣ 6፣ 8፣ 9 ይዞ 7ን መጠበቅ ግን ብር መበተን ነው። በካርታው ውስጥ ያሉት አራት ብቻ ናቸው!

ሰው ስንት እንደቀየረም ልብ በል። ሦስት የቀየረ አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ነው ያለው። አንድም ሳይቀይር ዝም ያለው ወይ ሞልቶለታል ወይ እያስፈራራህ ነው። እሱን የምትለየው ደጋግመህ አብረኸው ስትጫወት ነው፤ ለጊዜው ደካማ እጅ ይዘህ አትከተለው። መጀመሪያ ሰሞን ደግሞ በክብሪት እንጨት ተወራረዱ።