«አሲድ ጨምረን ቤዝ ወጣ» እና ሌሎች የፍሬሽማን ጥያቄዎች

ሚድ ሲቃረብ የሚላኩልኝ ጥያቄዎች ጸባይ ይቀየራል። የዶርም ቅሬታ ቀነስ ይላል፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ ይበዛል። የዚህ ሳምንት ጠያቂዎች ደግሞ ብቻቸውን አይደሉም። አንዱ ከጓደኛው ጋር ተከራክሯል፣ ሌላውን ያስረዳው ልጅ ራሱ ግራ አጋብቶታል፣ አንዳንዶቹም ሲሳሳቁ መልሱ ሳይገኝ ነግቷል። ደስ ባለኝ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዶርማችን ለሁለት ተከፍሏል። ዎርክሺቱ 10⁻⁸ ሞላር የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ) ስንት ነው ይላል። ግማሾቻችን 8 አልን። የቀሩት «አሲድ ውሃ ላይ ጨምራችሁ ቤዝ ሠራችሁ? ኖቤል ይገባችኋል» እያሉ ሲስቁብን አመሹ። ግን እነሱም መልሱን አያውቁትም። (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ሳቂዎቹ ልክ ናቸው፤ ሳቅ ግን ማርክ የለውም። ፎርሙላው አልተሳሳተም። የረሳችሁት ውሃውን ነው። ንጹህ ውሃ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከራሱ የወጣ 10⁻⁷ ሞላር ሃይድሮጅን አዮን አለው። የእናንተ አሲድ ያመጣው የዚያን አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። አሲዱ ብዙ ሲሆን የውሃው ድርሻ እዚህ ግባ ስለማይባል እንተወዋለን። እዚህ ግን የሚበዛው የውሃው ነው።

ሁለቱን ደምራችሁ 1.1×10⁻⁷ ብትሉ ፒኤቹ 6.96 ይመጣል። ጥሩ ግምት ነው፣ ግን ትንሽ ይቀረዋል። አሲድ ሲጨመር ውሃው ራሱ የሚሰጠው አዮን ይቀንሳል። የሃይድሮጅን አዮኑን መጠን «ሸ» በሉት። ውሃው ሲከፈል አብሮ የሚወጣው ሃይድሮክሳይድ የሚመጣው ከውሃው ብቻ ስለሆነ፣ መጠኑ ሸ ሲቀነስ 10⁻⁸ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 10⁻¹⁴ መስጠት አለባቸው። ኳድራቲኩን ስትፈቱት ሸ 1.05×10⁻⁷ ይሆናል፣ ፒኤቹም 6.98። ከ7 በጥቂቱ ያነሰ፣ አሲድነቱን ያልካደ ቁጥር።

ለሳቂዎቹ ደግሞ፦ የወጣው ቁጥር ስሜት ይሰጣል ወይ ብላችሁ መጠርጠራችሁ ትልቅ ነገር ነው። ቀጥላችሁ «ታዲያ ምን ረሳን?» ብትሉ ኖሮ ሁላችሁም በጊዜ ትተኙ ነበር።

ጥያቄ፦ ላብ ውስጥ ውሃ አፍልተን ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ፍንክች የለም። የግሩፔ ልጆች «ዕቃው ተበላሽቷል» ብለው ሪፖርቱ ላይ 100 ጻፉ። እኔ ብቻ 92 ጻፍኩ። ማናችን ነን ልክ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቴርሞሜትሩን ይቅርታ ጠይቁት። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከውጪው አየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። የውጪው ግፊት ካነሰ ውሃው ብዙ ሳይሞቅ ይፈላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 91 ገደማ፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ 96 ገደማ ነው። ዳሎል ከባህር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለሆነ እዚያ ከ100 ትንሽ ያልፋል።

እሳቱን ብታንቀለቅሉት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከ92 አይበልጥም። ሽምብራ ሸገር ላይ አልበስል ብሎ የሚያስለፋውም፣ ፕሬዠር ኩከር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

100 የጻፉት ጓደኞችህ መጽሐፉን ገለበጡ፣ አንተ ላቡን ጻፍክ። መሣሪያው በእርግጥ ቢበላሽ እንኳ ያነበብከውን ጽፈህ ለምን እንደወጣ ማስረዳት ነው ያለብህ። እግረ መንገዴን፦ መጽሐፉ 1 ሞል ጋዝ በ25 ዲግሪ 24.5 ሊትር ይይዛል የሚለው ግፊቱ 1 አትሞስፌር ሲሆን ነው። በአዲስ አበባ አየር ከ32 ሊትር በላይ ይይዛል። ይህንን ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ብትጨምራት አትጎዳም።

ጥያቄ፦ 12.5 ግራምን ለ3.7 ሚሊ ሊትር አካፍዬ 3.378378378 ጻፍኩ። ማርክ ተቆረጠብኝ። ልክ አይደል እንዴ? (ከመቀሌ)

መልስ፦ 3.4 ነው። ሲሊንደርህ ያነበበው ሁለት አሃዝ ብቻ ነው፤ ካልኩሌተሩ ከሲሊንደሩ በላይ ከየት ያውቃል?

ጥያቄ፦ ክፍል ውስጥ ቀለሜ የምባለው እኔ ነኝ። ማታ ማታ ስልኬ አያርፍም። ሁሉም «ቁጥር 7ን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» ነው። እምቢ ስል ኩራተኛ፣ እሺ ስል ሞኝ ተባልኩ። ምን ላድርግ? (ከጅማ)

መልስ፦ ለሁሉም አንድ መልስ ይኑርሽ፦ «መጀመሪያ የሞከርከውን ላክልኝ»። ኮራጁ እዚያው ድምፁ ይጠፋል። የሚልክልሽ ሊማር የፈለገው ነው። እሱን እርጂው። ስትረጂው ግን መልሱን አትጻፊለት። የሳተባት መስመር ላይ ክብ አድርጊበትና መልሰሽ ላኪለት።

ጥያቄው የጋዝ ከሆነ ደግሞ የት እንደሳተ ሳላየው ልንገርሽ። ሙቀቱን በሴልሺየስ አስገብቶታል። 1 ሞል፣ 1 አትሞስፌር፣ 25 ዲግሪ። የጋዝ ቋሚ ቁጥሩን 0.0821ን በ25 አባዝቶ 2.05 ሊትር አገኘ። አንድ ሞል ጋዝ ጠቅልሎ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ከተተልሽ ማለት ነው። በኬልቪን 298 ቢያስገባ 24.5 ሊትር ያገኝ ነበር። «ተሳስተሃል» አትበዪው። «እስቲ በዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ሥራው» በዪው። ዜሮ ሊትር ይወጣለታል። ዝቅ ብሎ በኔጋቲቭ 2 ሲሞክረው የጋዙ መጠን ኔጋቲቭ ይሆንበታል። ውርጭ በጣለ ቁጥር ደብረ ብርሃን አየር አልባ ልትሆን ነው። እዚህ ጋ ሁለታችሁም ትስቃላችሁ፣ እሱም 273 መደመርን ሁለተኛ አይረሳም።

ቁጥር 7ን በፎቶ የላክሽለት ልጅ ግን ለቁጥር 8 ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ነርሲንግ ለመማር ብዬ ኮሌጅ ገብቻለሁ። ቀን እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። አብረውኝ የሚማሩት የልጄ እኩዮች ናቸው። ሞል ሲባል የሚታየኝ ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄድበት መገበያያ ነው። ይህንኑ ብነግራቸው ስቀው ሲያበቁ የጥናት ግሩፓቸው ውስጥ አስገቡኝ። ነገሩ ግን እስካሁን አልገባኝም፣ ደግሜ መጠየቁም አሳፈረኝ። (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እትዬ፣ ስቀው ካስገቡዎት ነገሩ በጤና ነው። ይጠይቋቸው። ከመሃላቸው ሳይገባው ራሱን የሚነቀንቅ አንድ ልጅ አይጠፋም፤ ለእሱም ይተርፋሉ።

ሞል የብዛት ስም ነው። ደርዘን ሲባል 12 እንደሆነ፣ ሞል ሲባል 6.022×10²³ ነው። ከ2019 ወዲህ ቁጥሩ በትክክል 6.02214076×10²³ ተብሎ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተደንግጓል፤ ለፈተና ግን አጭሩ ይበቃዎታል። ይህን ያህል ያስፈለገው አተሞች ከማነሳቸው የተነሳ ቆጥረን ስለማንዘልቃቸው ነው። ስለዚህ እንመዝናቸዋለን። ፔሪዮዲክ ቴብሉ ላይ ካርቦን ሥር 12.01 የተባለው ለዚህ ነው፤ 12.01 ግራም ካርቦን 1 ሞል ነው።

አሁን ወደ ማዕድ ቤት ይግቡና የዱቄት ሚዛንዎን ያውጡ። 58.5 ግራም ጨው ይመዝኑ። 342 ግራም ስኳር ይመዝኑ። 18 ግራም ውሃ ይጨምሩ፣ ይህ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ይዩአቸው። ስኳሩ ክምር ነው፣ ውሃው ጉንጭ አይሞላም። ሆኖም እያንዳንዳቸው 1 ሞል ናቸው። አንድ ሶዲየምና አንድ ክሎራይድ እንደ አንድ ጥንድ ከቆጠርን፣ የጨው ጥንዶቹ፣ የስኳር ሞለኪውሎቹና የውሃ ሞለኪውሎቹ ብዛት እኩል ነው። የስኳር ሞለኪውል ትልቅና ከባድ ስለሆነ ብቻ ነው ክምሩ የገዘፈው።

ልጅዎን ጠርተው ያስረዱት። የት ላይ እንደሚደነቃቀፉ ያኔ ያውቁታል፤ ለግሩፑ ይዘው የሚሄዱት ጥያቄም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ግሩፓችን ቀልድ ይበዛበታል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ «ደካማ አሲድ» ስለሚባል አንዱ ልጅ «እሱ እንኳን ምስኪን ነው፣ ፊት ያስታጥባል» አለ። በሳቅ ፈረስን። አሁን ሁላችንም የምናስታውሰው «ምስኪኑ» ብለን ነው። ችግር አለው? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ አለው። ደካማ የሚባለው ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ አዮን የሚከፈለው ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ ነው። አይጎዳም ማለት አይደለም። «ምስኪኑ» መስታወት ይበላል፣ ለዚህ ነው በፕላስቲክ ዕቃ የሚቀመጠው። ቆዳ አልፎ ይገባል፣ ሰውነት ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ይያያዛል፣ ሕመሙ ዘግይቶ ሊሰማ ይችላል፣ ሰውም ይገድላል። «ጠንካራ» የተባለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ደግሞ ይኸው ጨጓራችን ውስጥ ምግብ ይፈጫል።

ቀልዱን አትተዉት። ሃንድአውት ይረሳል፣ ቀልድ ግን አይረሳም፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው፣ የተሳሳተውም አብሮ ይቀራል። «ምስኪን መስሎ መስታወት የሚበላው» በሉት። ያው ያስቃል፣ ፈተና ላይም ጉድ አይሠራችሁም። ላብ ስትገቡ ግን ቀልዱን በር ላይ ተዉት። በተለይ ሰልፈሪክ አሲድ ስታቀጥኑ አሲዱን ቀስ እያላችሁ ወደ ውሃው ጨምሩ። ውሃውን አሲዱ ላይ ከደፋችሁት የሚፈጠረው ሙቀት አፍልቶ ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል።

ጥያቄ፦ 28 ግራም ናይትሮጅንና 10 ግራም ሃይድሮጅን አሞኒያ ቢሠሩ ቀድሞ የሚያልቀው የቱ ነው? እኔ ሃይድሮጅን አልኩ፣ ትንሹ እሱ ስለሆነ። ጓደኛዬ ናይትሮጅን አለች። የተሸነፈ በየአይነቱ ይጋብዛል። (ከጎንደር)

መልስ፦ ወደ ሞል ሳትቀይር ግራም ከግራም አታወዳድር። 28 ግራም ናይትሮጅን 1 ሞል ነው። 10 ግራም ሃይድሮጅን 5 ሞል ነው። አንድ ናይትሮጅን የሚፈልገው ሦስት ሃይድሮጅን ነው። ሦስቱ ሞል ሲወሰድ 2 ሞል ሃይድሮጅን፣ ማለትም 4 ግራም፣ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። የሚወጣው አሞኒያ 34 ግራም ነው። 34 እና 4 ስትደምር 38፣ ልክ መጀመሪያ የነበረው። ናይትሮጅኑ አልቋል። በየአይነቱን የምትጋብዘው አንተ ነህ።