ላቦራቶሪ ሳይኖር የእንቅስቃሴን ጊዜ ማጥናት፦ ለአንዲት ተማሪ የተሰጠ የሙያ ምክር

ጥያቄ፦ «የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አንጎል አንድን እንቅስቃሴ መቼ ማድረግ እንዳለበት እንዴት አስቀድሞ እንደሚገምትና ሲሳሳት እንዴት እንደሚያርም በሚያጠናው ዘርፍ መቀጠል እፈልጋለሁ። ግቢያችን ውስጥ ግን የአንጎል ሞገድ መቅጃም ሆነ የእንቅስቃሴ መቅረጫ ካሜራ የለም። ሐሳቤን ልተወው ወይስ ከመመረቄ በፊት የምሠራው ነገር ይኖራል?»

ውድ እህታችን፣ አትተዪው። በዚህ ዘርፍ ብዙ ዕውቀት የተገኘው ሰዎች ከድምፅ ጋር እኩል በጣታቸው ጠረጴዛ ሲመቱ በመለካት ነው። የሚያስፈልግሽ ጊዜን ሳያዛባ የሚይዝ መሣሪያ ነው፤ እሱን ደግሞ ራስሽ መሥራት ትችያለሽ።

ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ በርበሬ ሲወቅጡ ልብ ብለሽ ተመልከቺ። የአንዷ ዘነዘና ሲነሣ የሌላዋ ያርፋል። እያንዳንዷ የጓደኛዋን ምት ሰምታ ብቻ እጇን ብታንቀሳቅስ ኖሮ ሁልጊዜ በዘገየች ነበር፤ ሰው ድምፅ ሰምቶ እጁን ለማንቀሳቀስ 150 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይወስድበታልና። ዘነዘናዎቹ የማይጋጩት እጅ ድምፁን ሳይጠብቅ በግምት ስለሚነሣ ነው። ግምቱ ሲዛነፍ ቀጣዩ ምት ላይ ይስተካከላል። ዘርፉ የሚለካውም ይህንኑ ነው፤ ከስሕተቱ ምን ያህሉ በቀጣዩ ምት ታረመ?

ለመመረቂያ ፕሮጀክትሽ የምንመክርሽ ይህንን ነው። አንድ አርዱይኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ)፣ አንድ ፒየዞ ዲስክ (ሲመታ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያወጣ)፣ ባለ 1 ሜጋኦም ሬዚስተርና ድምፅ የሚያሰማ ትንሽ ቡዘር ያስፈልጉሻል። ሬዚስተሩን ከፒየዞው ጋር በትይዩ አያይዢውና ወደ አናሎግ መግቢያው አስገቢ። ድምፁን የሚያወጣውም ምቱን የሚመዘግበውም ያው አንድ ቦርድ መሆን አለበት፤ ሁለቱም በአንድ የጊዜ ቆጣሪ ስለሚለኩ ልዩነታቸው አይዛባም። ላፕቶፕና ብሉቱዝ ማዳመጫ ይዘው የሚጀምሩ ተማሪዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ከ100 ሚሊሴኮንድ በላይ ሊያዘገየው ይችላል፣ ብዙ የዩኤስቢ ኪቦርድ ደግሞ የሚነበበው በየ8 ሚሊሴኮንዱ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ልዩነት ግን ጥቂት አሥር ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው፤ መሣሪያው ይውጠዋል።

ኮዱ ላይ ጊዜውን ዲሌይ (delay) በሚባለው የማቆያ ትእዛዝ አታስኪጂ። ዲሌይ ቦርዱን ስለሚያስቆመው በዚያ መካከል የመጣ ምት ያመልጥሻል፤ ይልቁንም ጊዜውን ማይክሮስ (micros) በሚባለው ትእዛዝ ቁጠሪ። ፒየዞ አንዴ ሲመታ ብዙ ጊዜ ስለሚርገበገብ ከአንድ ምት በኋላ ለ100 ሚሊሴኮንድ ሌላ ምት እንዳይቀበል አድርጊ። መረጃውንም በየምቱ ወደ ኮምፒውተር ከመላክ ሜሞሪ ላይ አቆዪውና ዙሩ ሲያልቅ ላኪው፤ የ60 ድምፅና የ60 ምት ጊዜ 480 ባይት ብቻ ስለሆነ ከኡኖ 2 ኪሎባይት ውስጥ ይበቃዋል። ቡዘሩን ከጠረጴዛው ላይ አንሺው፤ ካልሆነ ንዝረቱ ራሱ እንደ ምት ይመዘገባል።

ከዚያ በየ600 ሚሊሴኮንዱ 60 ድምፅ አሰሚና ተሳታፊው እኩል እንዲመታ ጠይቂው። የመጀመሪያዎቹን 10 ምቶች ጣያቸው። ከምቱ ጊዜ የድምፁን ጊዜ ስትቀንሺ አብዛኛው ሰው ላይ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወጣል፤ ጣቱ ድምፁን ይቀድማል፣ ሰውየው ግን እኩል የመታ ይመስለዋል። ኮዴ ተሳስቷል ብለሽ አታስተካክዪው፤ በዘርፉ በደንብ የሚታወቅ ግኝት ነው። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ የጣት ንክኪ በነርቭ ተጉዞ አንጎል ለመድረስ ከድምፅ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል የሚለው ነው፤ በእግር ሲመታ ቅድሚያው መጨመሩ ይህን ይደግፋል።

ዋናው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። ከአንድ ድምፅ ጀምሮ ያሉትን ሁሉ በ50 ሚሊሴኮንድ አዘግዪ። ያ ምት በአሮጌው ግምት ያርፋል፤ ቀጣዩን እዪ። 25 ሚሊሴኮንድ ከዘገየ የታረመው ግማሹ ነው። የአንድ ሰው ምት በራሱ ስለሚዋዥቅ አንድ ሙከራ ምንም አይነግርሽም፤ ቢያንስ 20 ጊዜ ደግመሽ አማካዩን ውሰጂ፣ ለውጡ የሚገባበትንም ቦታ ቀያይሪ፤ ካልሆነ ይለምዱትና አስቀድመው ይዘጋጃሉ። ከዚያ ለውጡን ወደ 10 ሚሊሴኮንድ አውርጂው። ተሳታፊው ምንም አላስተዋልኩም ይልሻል፣ ጣቱ ግን አርሟል። ይህን እርማት የሚያሳይ ግራፍ በገዛ እጅሽ መሥራት በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ጊዜ ካለሽ ድምፁን አቋርጠሽ ምቱን እንዲቀጥሉ አድርጊ። ተመራማሪዎቹ ዊንግና ክሪስቶፈርሰን በ1973 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሞዴል መሠረት በምቶች መካከል ያሉ ተከታታይ ክፍተቶች ያላቸው ኮሪሌሽን (አንዱ ሲለወጥ ሌላው አብሮ የሚለወጥበት መጠን) ከዜሮ እስከ -0.5 ባለው ውስጥ መውደቅ አለበት። ፖዘቲቭ ከወጣብሽ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሰውየው ቀስ በቀስ መፍጠኑ ወይም መዘግየቱ ነው፤ መጀመሪያ ያንን ዝንባሌ ከመረጃው ቀንሺ።

ንባብሽን ከሴሬቤለም ጀምሪ፣ ከራስ ቅል በስተኋላ ካለው ትንሹ አንጎል ማለት ነው። በሰው አንጎል ውስጥ ካሉት 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች 69 ቢሊዮኑ እዚያ ናቸው፣ የስሕተት ምልክትም እዚያው ወዳሉት ፐርኪንጄ ወደሚባሉ ትልልቅ የነርቭ ሴሎች ይደርሳል። ሴሬቤለም ሲጎዳ ታካሚው ጣቱን ወደ አፍንጫው ሲወስድ ዒላማውን ያልፈዋል ወይም እጁ ይንቀጠቀጣል። ታካሚዎችን ግን ብቻሽን አትለኪ፤ የፊዚዮቴራፒ ወይም የነርቭ ሕክምና ባለሙያ አብሮሽ ይሁን። በጤነኛ ጓደኞችሽ ላይ ለመሥራትም ቢሆን የዩኒቨርሲቲሽን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ መረጃ ከመሰብሰብሽ በፊት ጠይቂ፤ ኋላ የሚሰጥ ፈቃድ የለም።

አሜሪካ ውስጥ በኒውሮሳይንስ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ማስተርስ ሳትይዢም በቀጥታ ማመልከት ትችያለሽ፤ ብዙዎቹ ማመልከቻ የሚዘጉት በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ስለዚህ ለፕሮፌሰሮች በመስከረም ጻፊ። ኢሜይሉ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የ10 ሰዎች ውጤት ያለበትን ያንን ግራፍ አያይዢ፣ ከሥሩም የመሣሪያሽ መዘግየት ስንት ሚሊሴኮንድ እንደሆነና እንዴት እንደለካሽው ጻፊ።